በግራው በር ውስጥ የተጻፈው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? በኮንትራት በሄድሽበት የመንገድ ቅየሳ ሥራ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ እንደምትውዪ ሰምቻለሁና ራስሽን ሸፈን አድርጊ፤ በልጅነትሽም ፀሐይ ሲበረታብሽ አፍንጫሽ ይነስርሽ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ይከራከረኛል፣ መርፌ ላይ ክር ለማስገባትም ሦስት አራቴ እሞክራለሁ፤ ከዚህ በቀር የሚወራ ሕመም የለኝም። ምላሴ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ እሱ ታሞ አያውቅም።

ስልክ ስደውል አታነሺም። አልፈርድብሽም፤ እኔም ብሆን አላነሣም ነበር። በደብዳቤ የመጣሁብሽ ለዚህ ነው። ብትቀጂው መብትሽ ነው፣ ግን ጨርሰሽ ቅደጂው። ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ ቆመሽ የነገርሽኝን አልረሳሁትም። አባቴ እንዳኮረፈኝ ሞተ፣ ከእንግዲህ እኔንና አንቺን የሚያስታርቅ የለም አልሽኝ። ይኸው ዓመት ከሦስት ወር ሆነ፣ ቃልሽ ከጆሮዬ አልወጣም። አባትሽ አኩርፎሽ አልሞተም ልጄ። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ በእጁ የጻፈውን አግኝቻለሁ። የተገኘው ከመኪናዋ ስለሆነ ግን ነገሩን ከመኪናዋ ልጀምረው፣ ታገሺኝ።

አባትሽ በስምንት ሳጥን ተበታትና መጥታለት፣ ግቢያችን ውስጥ በገዛ እጁ ሲገጣጥማት የኖረውን ያቺን ትንሽ የጭነት መኪና መቼም አትረሺያትም። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ አንዲት በእጄ የሠራኋትን ደግሞ ልንዳ ብሎ ነው የጀመራት። ዝናብ እንዳይመታት ሁልጊዜ ሸራ ተከናንባ ስለምትቆም ጎረቤቱ ሁሉ ሙሽሪት ይላታል። እሱ ሲሞት ሞተሯ ተገጥሟል፣ ጋቢናዋ ቆሟል፤ ጎማዎቿ ግን እንዳይበሰብሱ ተፈተው እሷ በአራት ግንድ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱ በሮቿ መስታወታቸው ገብቶላቸው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ዕቃ ቤት ግድግዳ ተደግፈዋል። የፊት መስታወት የለም፣ ወንበር የለም፣ ውስጧ ባዶ ብረት ነው። እንደዚያ ሆና ትተሻት ሄደሻል።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰውዬ አንኳኳ። ሸራውን ገልጦ አየና፣ በር የሌለው መኪና ምኑ መኪና ነው፣ ቆርቆሮ ነው እንጂ፣ በሚዛን ልውሰደው አለኝ። በሚዛን! እንዴት አድርጌ እንደሸኘሁት ጎረቤት ይንገርሽ፤ እኔ ስናገረው ያሳፍረኛል። ከሄደ በኋላ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው ሰውዬው አልዋሸም። እኔ እጅጌ ያልተገጠመለት ኮት ለደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም። የባሌን የመጨረሻ ሥራ ግን እጅጌ አልባ አድርጌ ዓመት ሙሉ ሸራ ደርቤበት ተቀምጫለሁ። የዚያኑ ቀን ልቤ ቆረጠ፣ እጨርሳታለሁ አልኩ።

መጀመሪያ የጠራሁት ጎረቤታችንን አናጢውን ነው። እሳቸው ደግሞ አርባ ዓመት በር ሰቅያለሁ፣ በር በር ነው አሉ። ሁለታችንም ሙያችንን ይዘን ገባንበት። እኔ በልብስ ሜትሬ ለካሁ፣ እሳቸው በእርሳሳቸው ምልክት አደረጉ። የመመሪያው መጽሐፍ በማናውቀው ቋንቋ ስለተጻፈ ሥዕሉን ብቻ እያየን ነው የሠራነው። ሥዕሉ ላይ መኪናዋ በአራት ጎማዋ ቆማ በሯ ሲገጠም ይታያል፤ የእኛዋ ግን ገና ግንዷ ላይ ናት። ለሥዕል እንድታምር ያቆሟት ነው የመሰለን። በሮቹን እዚያው እንደተቀመጠች ሰቀልናቸው። ልጄ፣ እንዴት አምረው እንደተዘጉ! አናጢው ሻያቸውን ይዘው ፊቷ ተቀምጠው፣ እየከፈቱ ይዘጋሉ፣ እየከፈቱ ይዘጋሉ።

ከዚያ ጎማዋን አሠርንና በክሪክ አወረድናት። መሬት ስትነካ ትንሽ ቃተተች። አናጢው በኩራት በሩን ገፋ ሲያደርጉት አልዘጋ አለ። ላዩ ከብረቱ ጋር ይጋጫል፣ ታቹ ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። የቀኝ በኩሉም እንደዚያው። ገፋነው፣ አነሣነው፣ በትከሻዬ ሁሉ መታሁት። በመጨረሻ አናጢው ወደ ቤታቸው ሄዱና መላጊያቸውን ይዘው ተመለሱ። ሊልጉት! ብረት መሆኑን የረሱት ለአንድ አፍታ ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬም አልረሳሁላቸውም። በዚያው አኩርፈው ለሁለት ሳምንት ከአጥር ማዶ ሰላምታ ብቻ ሆነ።

ብረት የሚያውቅ ሰው እንደሚያስፈልገኝ ገባኝ። ማን እንደሆነም ገብቶኛል። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ያወቅሁትን እንዳላወቅሁ ለመሆን ነው።

ባልሽን ለምን እንደጠላሁት አንድም ቀን በግልጽ ነግሬሽ አላውቅም። በያጅ ስለሆነ ነው። በመርፌዬ አስራ ስድስት ዓመት ያስተማርኳት ልጄ፣ ልብሱ የተቃጠለ፣ ጣቱ የጠቆረ ሰው አገባች ብዬ ነው። የሾፌር ሚስት ሆኜ ሰውን በሙያው መናቄ ዛሬ ስጽፈው እጄን ይይዘኛል። የተጋባችሁ ዕለት አልመጣም አልኩ፤ አባትሽም ከእኔ ጋር ቤት ተቀምጦ ዋለ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አንቺ ዝምታውን ኩርፊያ ብለሽ ያዝሽው። እኔም ኩርፊያ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሲሞት ደግሞ ባልሽ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ፣ የሚገባው ቤተሰብ ብቻ ነው ብዬ ከበር ላይ መለስኩት። አጠገቤ ቆመሽ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከመንገዱ ማዶ በሱቁ ግድግዳ ሥር ቆሞ ሲውል አይተሻል። እኔም አይቻለሁ። ሦስቱንም ቀን መጋረጃውን ገለጥ እያደረግሁ፣ አለመሄዱን እያየሁ ነው የዋልኩት።

እንግዲህ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወደዚህ ሰው ሄድኩልሽ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለው ሥራ ቦታው ስደርስ የግቢ በር እየበየደ ነበር። ጭምብሉን አነሣ፣ አየኝ፣ ማሽኑን አጠፋ። በርጩማውን በእጅጌው ጠርጎ አቀረበልኝ። ሳልቀመጥ፣ ለዕርቅ አይደለም የመጣሁት፣ በር አልዘጋ ብሎኝ ነው አልኩት። የምን በር ነው እትዬ አለኝ። የሙሽሪት ስለው ፊቱ ተለዋወጠና ጭምብሉን እንደ ኮፍያ በእጁ ያሽከረክር ጀመር። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ፤ በሩን ስትሰቅሉት በጎማዋ ነበረች ወይ አለኝ። አልነበረችም አልኩት። ቅዳሜ እመጣለሁ አለ። እኔም ለልጄ ትንፍሽ እንዳትል፣ ሲሆን ሲሆን እኔው እነግራታለሁ አልኩት። እሺ አለ። በዚህ አትቀየሚው፤ ቃል አስገብቼው ነው።

ቅዳሜ ጧት መጣ። የግቢያችን በር እንግዳን ሁሉ እንደሚያታግል ታውቂያለሽ። እሱ በትከሻው ትንሽ አነሣ አድርጎ ከፍቶ ገባ። እንግዳ ነገር አልኩ በልቤ። ማጠፊያውን ፈታና፣ ከሥሩ የምትገባ ስስ የላሜራ ቁራጭ ያስፈልጋል አለ። እኔ ከየት አመጣለሁ ብዬ ሳስብ፣ እሱ ማንንም ሳይጠይቅ ከውሃው በርሜል ጀርባ እጁን ሰዶ አንድ ያረጀ የዘይት ቆርቆሮ አወጣ። ሙሉ ቁራጭ ላሜራ። በዚህ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ከበርሜሉ ጀርባ ቆርቆሮ እንዳለ አላውቅም! ይህ ሰው አንድ ቀን ግቢዬን በርብሯል ብዬ ደመደምኩ። ሳምንቱን ሙሉ የማይቆለፈውን ሁሉ ስቆልፍ ሰነበትኩልሽ።

ሥራውን ግን አልዋሽሽም። በሮቹን ከመንካቱ በፊት አሸዋ የሞላ ጆንያ ጋቢናው ውስጥ አስቀመጠ፣ ሰው የተቀመጠ ያህል። ከኋላም ጫነ። መኪና ግንድ ላይ ስትቀመጥና በእግሯ ስትቆም አንድ አይደለችም፣ ክብደቷ ሲያርፍባት ሰውነቷ በጣት ውፍረት ይለወጣል፣ በር የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው አለኝ። እኔ የበሩን ጫፍ በጉልበቴ ደግፌ ይዣለሁ፣ እሱ ብሎኑን ሩብ ዙር ያጠብቃል፣ ዙሪያውን የታጠፈ ካርቶን እያስገባ ክፍተቱን ይለካል፣ መልሶ ያላላል። ሦስት ቅዳሜ በሁለት በር ላይ። በሦስተኛው ቅዳሜ ይግፉ አለኝ፣ በሁለት ጣት ገፋሁት። ያለ ጩኸት ድም ብሎ ተዘጋ። አናጢው ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣ እኔም እንደዚሁ ነበር ያሰብኩት አሉ።

ቀጥሎ የበሩ ጎማ መጣ። ያ ንፋስና ዝናብ እንዳይገባ በሩን ዙሪያውን የሚያለብሰው ነው። እሱ ሌላ ሲሠራ ጎማውን እኔ ለካሁና ቆረጥኩ፤ እጄ ስለለመደ ለስፌት የሚሆን ሁለት ጣት ትርፍ ተውኩ። ሲያየው ይስቅብኛል ብዬ ነገር አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። አልሳቀም። ጎማ ከጊዜ ጋር ይሰበሰባል፣ ልክ በልክ የሚቆርጥ ሰው ከዓመት በኋላ ክፍተት ያገኛል፣ እርስዎ ያለ አስተማሪ ያገኙትን እኔ ሁለት ጎማ አበላሽቼ ነው የተማርኩት አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደስ በማለቴ ደግሞ እንዴት እንደተናደድኩ! ሻይ ያፈላሁለት ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣልሽ። ሙገሳው ራሴ ላይ ወጣ መሰለኝ፣ በሳምንቱ መሃል ብቻዬን ገባሁበት። ሁለቱም በሮች ግርጌያቸው ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። ውሃ በዚህ ይገባል ብዬ ሁሉንም በሲሊኮን ደፈንኳቸው። ማንንም አላማከርኩም። ሁለት ቀን ዘነበ። በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ የግራውን በር ስከፍተው ሆዱ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል። ለካ ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ ወርዶ በሩ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ቀዳዳው የተበጀው ለመውጫው ነው። መውጫውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ባልሽ ቅዳሜ መጥቶ ከሚያየኝ ብዬ ካቻቢቴ አንሥቼ የበሩን የውስጥ ክዳን ፈታሁት። አባትሽ ራሱ ያሠረው ክዳን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልከፈተውም።

ክዳኑን ስገለብጠው በጀርባው ላይ ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል። በእርሳስ። ሁለት የእጅ ጽሑፍ ነው። አንዱን አላጣውም፤ ያ የአባትሽ ወደ ጎን የሚያጋድል ፊደል ነው። ሌላው ክብ ክብ ያለ፣ ተጠንቅቆ የተጻፈ ነው፤ ባልሽ የማጠፊያውን ልክ ሲጽፍልኝ ስላየሁት እሱንም አወቅሁት። እንዲህ ይላል፣ ልክ እንዳለ ነው የምገለብጥልሽ። ረቡዕ፤ የግራው መስታወት ገባ፣ እጀታው ጠበቅ ይላል። ከሥሩ በክቡ ጽሑፍ፤ ቅባት ተደረገ። ረቡዕ፤ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ፣ የውሃ መውጫ ናቸው። ረቡዕ፤ በጎማዋ ሳትቆም በር እንዳይሰቀል። እኔና አናጢው ያጠፋነውን ሁሉ አስቀድሞ ጽፎ በሩ ውስጥ አሽጎታል ልበልሽ! ረቡዕ፣ ረቡዕ፣ ረቡዕ። ቆጠርኩት፣ ሃያ ሦስት ረቡዕ ነው።

ረቡዕ ምን ቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ጨርቅ ልመርጥ የምሄድበት፣ ውዬ የምመጣበት ቀን ነው። ሂጂ ሂጂ፣ ጥሩ ጥሩው ያልቅብሻል ይለኝ ነበር ያ ጨዋ! ሌላ ባል ከሚስቱ ሌላ ሴት ይደብቃል፤ የኔ ባል የገዛ አማቹን ደበቀ። እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ከሞተ ሰው ጋር ተጣላሁ። ስሰድበው ዋልኩ ብልሽ አላጋነንኩም። ሁሉም ሰው ሲያውቅ የማታውቀው ሚስት እኔ ነኝ ወይ አልኩት። ከዚያ ግን ወደ ታች ማንበቤን ቀጠልኩ። አንዱ ረቡዕ ላይ እንዲህ ይላል፤ ዛሬ አባባ ብሎ ጠራኝ፤ ምንም አልመለስኩለትም፣ ግን ደስ ብሎኛል።

የመጨረሻው ደግሞ የሚከተለው ነው። ረቡዕ፤ ስታልቅ ከልጄ ቤት በር ላይ አቁሜ ጡሩምባዋን እነፋለሁ፤ እናቷን አጠገቤ አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ እንዴት አድርጌ እንደማስቀምጣት እግዚአብሔር ይወቅ። ይህን ካነበብኩ በኋላ መሳደብ አቃተኝ። አኩርፎሽ አልነበረም ልጄ። ካንቺ ዘንድ የሚመጣበትን መኪና እየሠራ ነበር። የፈራው እኔን ነው። ሠላሳ ዓመት የከተማ ትርምስ ያልፈራ ሰው እኔን ፈርቶ በገዛ ቤቱ ሲደበቅ ኖረ።

ቅዳሜ የፊት መስታወቱ ተራ ነበር። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። መስታወቱ ጎማውን ይለብስና በጎማው ስንጥቅ ውስጥ ሲባጎ ይዞርበታል፤ አንዱ ውጭ ሆኖ በመዳፉ ይገፋል፣ ሌላው ጋቢናው ውስጥ ሆኖ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይስባል፤ ጎማው በሳሙና ውሃ እየተንሸራተተ ብረቱን ይነክሳል። ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። ባልሽ ከመስታወቱ ወዲያ ፊት ለፊቴ ቆሟል፣ ሁለት መዳፉን ተጭኖ። በሕይወቴ ያን ያህል ቆሜ አይቼው አላውቅም። ሲባጎውን እየሳብኩ እንባዬ መጣ። መስታወቱ ልክ ቦታውን ሲይዝ ይቅር በለኝ አልኩት። አልሰማም። ገና ይቀራል ወይ በሚል ጣቱን አዞረልኝ። ደግሜ አልኩት፤ አሁንም አልሰማም፣ በእጁ ሲባጎውን ይሳቡት ይለኛል። እኔ ደግሞ አንዴ ከአፌ ማውጣቱ ሞት ሆኖብኝ ነበር። በሩን ከፍቼ ወረድኩና፣ አናጢው ከአጥሩ ማዶ እያዩኝ፣ ጮክ ብዬ ይቅር በለኝ አልኩት። ክዳኑንም አምጥቼ አሳየሁት።

ክዳኑን ሲያይ በርከክ አለ። በጣቱ የአባትሽን ፊደል እየተከተለ አነበበው፤ እሱም የመጨረሻውን ረቡዕ አይቶት አያውቅም ነበር። ቆይቶ ሲረጋጋ፣ ሚስትህ አባቷ እንዳኮረፋት ሞተ ብላ እየተቃጠለች አንተ ይህን ሁሉ አውቀህ እንዴት ዝም አልካት ብዬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ቃል አስገብተውኝ ነበር፣ ስታልቅ ራሴ ነው የምነግራት ይሉኝ ነበር አለ። ከሞቱ በኋላስ ስለው መሬት መሬት እያየ፣ እውነቱን ብነግራት አባቷ ሊያያት እየፈለገ የቀረው በእርስዎ ምክንያት መሆኑን ታውቃለች፤ አባቷን አጥታለች፣ እናቷንም እንድታጣ አልፈለግሁም አለኝ። ይህን ሰው ነው ጣቱ ጠቁሯል ብዬ ከቤቴ ያገድኩት። አንጀቴን በላው። እጁን ይዤ ወደ ቤት አስገባሁትና አባትሽ ከሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ያለው የእኔ ሙያ ነው። ለሦስት ሰው የሚበቃ አንድ ረጅም ወንበር ሠራን፤ ስፖንጁን እሱ ቆረጠ፣ ልብሱን እኔ ሰፋሁ። ዳሽቦርዱን በጥቁር ቆዳ አለበስኩት። ጣሪያዋን ምን እንዳለበስኩ ግን ብታዪ ትስቂያለሽ። ለሠርግሽ ብዬ፣ የምታገቢው ማን እንደሆነ ገና ሳልሰማ የገዛሁት ነጣ ያለ ሐር ነበረኝ። ሳጥን ውስጥ ደብቄው ኖሬያለሁ። አውጥቼ ቆረጥኩትና ማስቲሽ ቀብተን ጣሪያው ላይ ለጠፍነው። ባልሽ ይህ እኮ የጭነት መኪና ነው፣ በሳምንት ይቆሽሻል ብሎ ተከራከረኝ። ይቆሽሽ አልኩት። ሳጥን ውስጥ ንጹሕ ሆኖ መኖሩ ለማን በጀ?

መኪናዋ አልቃለች። ለግራው በር አዲስ ክዳን ሠርቼለታለሁ፤ የተጻፈበትን ግን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋሽ ሥር አስቀምጬልሻለሁ፣ በገዛ ዓይንሽ እንድታነቢው። ኮንትራትሽ ሲያልቅ ባልሽ በሙሽሪት ሊወስድሽ ይመጣል፤ እኔ ቤት ልቅር፣ ሂድና አምጣት ብለው ግን እምቢ አለኝ። ያለ እርስዎ ቁልፉን አላዞርም ይላል። ግትርነቱ ከማን እንደተጋባበት እንጃ። ስለዚህ ልምጣ ወይም አልምጣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። አትምጪ ካልሽኝ ለእሱ ጉልበቴን አሞኛል እለዋለሁ፤ ያምነኛል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ከመወሰንሽ በፊት ማወቅ ስላለብሽ ነው የምጽፈው። አባትሽ ባረፈበት ቀን፣ አንቺ ገና ከመንገድ ሳትደርሺ፣ ድምፁ ሳይዘጋ፣ አንድ ሰው ጥሪልኝ ብሎ ሁለቴ ለመነኝ፤ አልጠራሁለትም። አንቺ ደርሰሽ በመጨረሻ ማንን ጠራ ስትዪኝ፣ አናጢውን ነው አልኩሽ። አንቺም አናጢውን አቅፈሽ አለቀስሽ። ልጄ፣ አናጢው ያን ሰዓት ከራስጌው ተቀምጠው ነበር። ውሃ በማንኪያ የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ። ባልሽን ለምን እንደፈለገው ያን ጊዜ አልገባኝም፤ የበሩን ክዳን ሳነብ ገባኝ። ይህን ለባልሽ አልነገርኩትም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልነግረው እነሣና፣ ሻይ ላፍላልህ ወይ ብዬ እመለሳለሁ።

እግዚአብሔር በምትረግጪው መሬት ሁሉ ይቅደምልሽ። ከበሽታ፣ ከክፉ ሰው፣ ከብቸኝነት ይጠብቅሽ። እንጀራሽን ይባርክልሽ፣ ትዳርሽን ያጽናልሽ። አንቺም በተራሽ እናት ስትሆኚ ከእኔ የሰፋ ልብ ይስጥሽ። አሜን።

የምትፈርጂባትን ፍርድ የምትጠብቅ
እናትሽ